በማሜ ጋራ ስለሚዜመው ቤዛ ኩሉ

በኢጣልያ አገር፥ በዶሎሚቲ ተራሮች፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሙዚቀኞች ቫዮሊንና ቼሏቸውን ተሸክመው በበጋ ወደ ከፍታው እየወጡ፥ አድማጩም በእግሩ እየተከተላቸው፥ ከገደሉ ሥር የታላላቅ ደራስያንን ሙዚቃ ይጫወታሉ። ይህ እንደ አዲስ ፈሊጥ ሲወደስ በሰማን ጊዜ፥ ምስጋናውን ሳንነፍግ፥ የላስታን ካህናት ማስታወስ ግድ ሆነብን።

ታኅሣሥ 29 ቀን፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በላሊበላ፥ ከቅዳሴ በኋላ ቤዛ ኩሉ ይዜማል። ገሚሶቹ ካህናት ቤተ ማርያምን በከበበው በማሜ ጋራ ጫፍ፥ ገሚሶቹም ከዐለቱ ተፈልፍሎ በወጣው ቅጽር ውስጥ ይሰለፋሉ፤ የላይኞቹ የመላእክት፥ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ከላይ የወረደውን ዜማ ከታች ያሉት ይቀበሉታል፤ ሰልፉም ከከበሮው ጋር ዝቅ ከፍ ይላል።

የዜማው ውበት በድምፅ ጥራት ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱን በማሕሌት ያደረ ጉሮሮ ቢሻክር ማን ይፈርድበታል? ውበቱ በላይኛውና በታችኛው ሰልፍ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ነው። ድምፁ በዐለቱ ግድግዳ ወርዶ፥ ጥቂት ዘግይቶ፥ ከሕዝቡ እልልታ ጋር ተቀላቅሎ ይመለሳል። ይኸው ዜማ እንደ አቃቂ በሰቃ ባለ ሜዳ ቢዜም ቃሉም ስልቱም ያው ነው፤ ነገር ግን የሚመልስለት ዐለት ስለሌለ ከነፋስ ጋር ይበተናል። እንግዲህ ዐለቱ ከበሮና ጸናጽል ከመሣሪያ የሚቈጠሩትን ያህል መቈጠር ይገባዋል እንላለን።

ስለዚህ ነው የመጠለያው ነገር የሚያሳስበን። በ2000 ዓ.ም. ገደማ፥ ዝናብ ዐለቱን እንዳይበላው በማሰብ፥ በቤተ ማርያምና በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ላይ በብረት ምሰሶ የቆመ ሰፊ ጣራ ተዘረጋ። በ2011 ዓ.ም. የከተማው ሕዝብ ሰልፍ ወጥቶ፥ መጠለያው ራሱ ለቅርሱ ያሰጋል ሲል አቤት አለ። በብረቱና በድንጋዩ የሚፈርዱ መሐንዲሶች ናቸው፤ በዚያ አንገባም። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ክርክር ስለ ዜማው የጠየቀ አልሰማንም። የመላእክት ምሳሌ የሆነ ሰልፍ ከበላዩ ሰማይ ሳይሆን ጣራ ሲያይ የድርሰቱ ግማሽ ይጐድላል፤ ታኅሣሥም በላስታ ክረምት አይደለም። ዐለቱን የሚመረምሩ ሊቃውንት ከመለኪያቸው ጋር አንድ የአቋቋም መምህር ይዘው ቢወርዱ፥ ድምፁ የት ላይ እንደሚታፈንና የት ላይ እንደሚመለስ ቆሞ ባሳያቸው ነበር።