«የስም ቦታ» ወይስ «የስም ወገን»?

ለእንግሊዝኛው «ኔምስፔስ» «የስም ቦታ» የሚል አቻ መስጠት ለተርጓሚ ቀላል ነው፤ ቃሉን ለሁለት ከፍሎ እያንዳንዱን መተካት ብቻ ይበቃልና። ይሁን እንጂ አቻ ቃል የሚመዘነው አንባቢው በእርሱ ተመርቶ በሚሠራው ሥራ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ «የስም ቦታ» ጉድለት አለበት።

በኤክስ ኤም ኤል ሰነዶች ውስጥ አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊሰይም ይችላል። በማስተማሪያ ጽሑፎች የተለመደው ምሳሌ «ቴብል» ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን አንዱ ሠንጠረዥ፣ ሌላው ጠረጴዛ ስለሚሆን ምሳሌነቱ ይቀራል። በምትኩ «ቅጽ»ን እንውሰድ፤ የመጽሔት ቅጽ አለ፣ የሚሞላ ቅጽም አለ። (በፊደላችን ኤለመንት መሰየም የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2004 በኤክስ ኤም ኤል 1.1፣ ኋላም በ2008 በ1.0 አምስተኛ እትም ነውና ይህ ምሳሌ ቀድሞ ሊጻፍ እንኳ አይችልም ነበር።) እ.ኤ.አ. በ1999 የጸደቀው ደንብ ሁለቱን የሚለየው ለየወገናቸው የዩ አር አይ መለያ በመስጠት ነው። መለያው የድረ ገጽ አድራሻ ይመስላል እንጂ የሚኬድበት ሥፍራ አይደለም፤ በአድራሻው ምንም ባይገኝ እንኳ ተግባሩን ይፈጽማል። «ቦታ» የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

ለ«ፕሪፊክስ» «ባዕድ መነሻ»ን መዋስ ደግሞ የባሰ ነው። በሰዋስው «የ»ን በ«ለ» ብንለውጥ ፍቺው ይለወጣል። እዚህ ግን ፊደላቱ በራሳቸው ፍቺ የላቸውም፤ ሰነዱ «መጽ:ቅጽ» ቢልና የኤክስኪዌሪ ጥያቄ በመግቢያው «ሀ»ን ለዚያው መለያ ቢሰጥ፣ «ሀ:ቅጽ» ያንኑ ኤለመንት ያገኛል። ስለዚህ «ወኪል» ማለት ይሻላል።

ጉዳቱ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ሰነዱ ያስታወቀው የስም ወገን ለጥያቄው አይወረስም፤ ጥያቄው ራሱ ማስታወቅ አለበት። ያልታወቀ ወኪል የጻፈ ሰው ስሕተቱ ይነገረዋል። ሰነዱ ያለ ወኪል በነባሪ ወገን የተጻፈ ሆኖ ጠያቂውም «ቅጽ» ብሎ ብቻ ቢጽፍ ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ መልስ ይቀበላል፤ የሚያስጠነቅቀው የለም። ስሙ በሰነዱ ውስጥ «ቦታ» እንዳለው የተማረ ሰው፣ መረጃው የለም ብሎ ይደመድማል። በመግቢያው ለኤለመንቶች ነባሪ ወገን ቢያስታውቅ ይድናል፤ ይህ ግን ለአትሪቢዩቶች እንደማይሠራ ልብ ይሏል።

«ዲክሌር»ን «ማወጅ» ማለትም አይስማማም። አዋጅ ለአገር ሁሉ ነው፤ ይህ ግን ከዚያች ጥያቄ አያልፍም። «ማስታወቅ» ይበቃል።

«ወገን» የፖለቲካ ድምፀት አለው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ተቃውሞው ሚዛን አለው። ቢሆንም ሁለት ከበደዎችን በአባት ስም የምንለይ ሰዎች ነንና አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ደንቡ መለያ ስላልተሰጠው ስምም ይናገራል። ያንን «ወገን የሌለው ስም» ብንል ይሰማል፤ «ቦታ የሌለው ስም» ግን ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጸሐፊ አልተገለጠለትም።