ቢላ ሳይነሳ የሚታይ አጥንት

ወጌሻ አጥንትን የሚያየው በጣቱ ነው፤ ዳብሶ ስብራቱ የቱ ጋ እንዳለ ይለያል። ሲቲ ስካንም በጨረር ይዳብሳል። ገላን እንደ ድፎ ዳቦ በስሱ ቆራርጦ ያሳያል፤ ለእያንዳንዷ ነጥብም እንደ ጥግግቷ ቁጥር ይሰጣታል። በፈልሳፊው በጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ስም በሚጠራው መለኪያ ውሃ 0፣ አየር ከዜሮ በታች 1000 ነው፤ ጠንካራ አጥንት ግን ብዙ መቶዎችን ይሻገራል። ኮምፒውተሩ ከፍ ያለውን ቁጥር ለቅሞ፣ ሥጋውን ትቶ፣ ቁራጮቹን መልሶ ይደራርባል። ተመራማሪዎቹ ሎረንሰንና ክላይን በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ስልት ደግሞ አጥንቱን በጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ገጽ ያለብሰዋል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የግራ ጉንጭ አጥንት ሲደቅ፣ ሐኪሙ ስክሪን ላይ ጤነኛውን የቀኙን እንደ መስታወት ገልብጦ በተሰበረው ላይ ያሳርፈዋል። ሰው ለራሱ ስብራት ራሱ ናሙና ይሆናል! ከዚያም አጥንቱ በፕላስቲክ ይታተምና የሚገባው ብረት በልኩ አስቀድሞ ይታጠፋል፤ ሕመምተኛው ገና ማደንዘዣ ሳይወስድ።

አሥር ጊዜ ለክቶ አንዴ መቁረጥ ማለት ይኸው ነው። ስክሪን ላይ የተሳሳተ እጅ ይመለሳል፤ ገላ ላይ የተሳሳተ ግን አይመለስም።