ከለሃጭ ተነሥተን፤ “የዕድገት መዘግየት” በሚለው ሐረግ ላይ የቀረበ ሂስ

ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ የሚመለሱ የጤና ጽሑፎች እየበዙ መሄዳቸው የሚያስደስት ነው። በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ የሚፈጸም የቃል ስሕተት ግን በአንባቢው ቅሬታ ብቻ አያበቃም፤ ሕፃን ታቅፋ በምትወስን እናት ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ እየተለመደ የመጣ ሐረግ፣ ማለትም “የዕድገት መዘግየት” የተባለውን፣ ለመመርመር ተነሥተናል። ለመፈተኛ የመረጥነውም ማንም የሚያውቀውን ትንሽ ነገር፣ የሕፃን ለሃጭን ነው።

“አደገ” በአማርኛ ሰፊ ግስ ነው። ልጅ ያድጋል፤ ዛፍ ያድጋል፤ ሠራተኛ በማዕርግ ያድጋል። የሕክምና ሳይንስ ግን በሕፃን ላይ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ይመለከታል። አንደኛው የአካል መጠን መጨመር ነው፤ ይህም በሚዛንና በመለኪያ ይታወቃል። ሁለተኛው ሕፃኑ በየወሩ የሚጨብጠው ችሎታ ነው፤ ይኸውም አንገትን መያዝ፣ ለሰው ፈገግ ማለት፣ መቀመጥ፣ ድምፅ ማውጣት፣ ስሙ ሲጠራ ዘወር ማለት ነው። እንግሊዝኛው እነዚህን በሁለት ቃላት ለያይቷቸዋል። የእኛ ተርጓሚዎች ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም “ዕድገት” ብለው ያልፏቸዋል።

ቃሉ ለመጀመሪያው ነገር ቦታውን ይዟል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው “የዕድገት ክትትል” ሲባል የሚታወቀው ሕፃኑን መመዘንና ክብደቱን በካርድ ላይ ማስፈር ነው። በዚሁ ረገድ የተሻለ ዕድል የገጠመው ቃል “መቀንጨር” ነው። የማሽላ ጠላት ከሆነው ከአቀንጭራ ጋር በሥር የሚዛመድ በመሆኑ ሰሚው ነገሩን ሳያብራሩለት በዓይነ ልቡናው ያየዋል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ ሲነሣ ይህ ቃል አገር አቀፍ ሆነ። ለሁለተኛው ነገር፣ ለችሎታው፣ እንዲህ ያለ ቃል አልተፈለገለትም።

ጉዳቱን በምሳሌ እንመልከት። ከቢቸና ወይም ከሞጣ ዙሪያ ወደ ጤና ጣቢያ የሄደች አንዲት እናት ትኑር እንበል። ልጇ ዐሥር ወሩ ነው፤ ጡት ይጠባል፤ ክብደቱም ደኅና ነው። ነገር ግን ሳይደገፍ አይቀመጥም፤ አንገቱ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ለሃጩ ደረቱን ሲያርሰው ይውላል። በእጇ ያለው ጽሑፍ “የዕድገት መዘግየት ምልክት ካዩ ባለሙያ ያማክሩ” ይላታል። እርሷም ካርዱን ታያለች፤ ካርዱ ልጇ ማደጉን ይመሰክራል። ስለዚህ ምክሩ የሌላ ሴት ልጅን የሚመለከት ይመስላታል። እናቲቱ አልተሳሳተችም፤ ቃሉን በሚታወቅበት ትርጉሙ አንብባዋለች። የተሳሳተው ጽሑፉ ነው።

ወደ ለሃጩ እንመለስ። ለሃጭ በራሱ ሕመም አይደለም። ከሁለትና ከሦስት ወር ጀምሮ የሕፃን ምራቅ እየበዛ ይሄዳል፤ መዋጡን ግን ገና አልለመደውም። ብዙውን ጊዜ ዐሥራ ስምንት ወር እስከ ሁለት ዓመት ሲሞላው ይቀንሳል። ከአራት ዓመት በኋላ ልጁ ነቅቶ ሳለ የሚወርድ ለሃጭ ግን ሊመረመር ይገባዋል። በዚያን ጊዜ ምክንያቱ በአመዛኙ የምራቅ መብዛት ሳይሆን ከንፈር መግጠም፣ ምላስን ማዘዝና መዋጥ አለመቻል ነው። በሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም አንጎል ገና በማደግ ላይ ሳለ በደረሰበት ጉዳት የአካል እንቅስቃሴ በሚታወክባቸው ልጆች ዘንድ ለሃጭ የሚበረክተውም ስለዚሁ ነው። እንግዲህ በሕፃንነት ዘመን ለሃጭ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ከዕድሜው ጋር፣ ከአንገቱና ከወገቡ ሁኔታ ጋር ተደምሮ ሲታይ ነው።

ለዚህ ሁሉ አማርኛ ቃል አላጣም። ምራቅ በአፍ ውስጥ ያለው ነው፤ ይዋጣል፣ ይተፋል። ለሃጭ ሳይታዘዝ ከአፍ የሚወርደው ነው፤ ይዝረበረባል። ልጋግም ለዚሁ የቀረበ ቃል ነው። ስለዚህ ለሃጭን “የምራቅ መብዛት” ብሎ የሚተረጉም ሰው ጥፋቱ ድርብ ነው፤ የተለመደውን ቃል ትቷል፤ ምክንያቱንም አዛብቷል።

እርግጥ ነው፣ “ለሃጭ” ነውር የተሸከመ ቃል ነው። ስለ ጐልማሳ ሲነገር መጎምጀትን ያሳያል፤ “ለሃጫም” ደግሞ ስድብ ነው። ከአእምሮ መታወክ ጋር መያያዙም የቆየ ነው። ዲማ ጊዮርጊስን በመሰሉ የጎጃም የትምህርት ደብሮች ያለፈ ሁሉ ዳዊት በጌት ንጉሥ ፊት እብድ ለመምሰል ምን እንዳደረገ ከመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ያውቃል፤ በጢሙ ላይ ያወረደው ይህንኑ ነበር። ይሁን እንጂ ነውሩ ያለው በስሙ ላይ ሳይሆን ከስሙ በወጣው ቅጽል ላይ ነው። “ለሃጩ ይወርዳል” ሲባል የታየ ነገር ተነገረ፤ ነገ ሊቆም ይችላል። “ለሃጫም” ሲባል ግን ልጁ ራሱ ተሰየመ። መዝገበ ቃላት ሠሪው ሁለቱን በአንድ መግቢያ ሥር ሲያስቀምጥ የሁለተኛውን ነቀፌታነት ማመልከት ግዴታው ነው።

“ዘገምተኛ” የደረሰበትም ይኸው ነው። “አዘገመ” ቀስ ብሎ ሄደ ማለት ነው፤ የሚያዘግም ሰው ይደርሳል። የሰው መጠሪያ ወደ መሆን ሲያልፍ ግን መንገዱ ቀረና ሰውዬው ብቻ ቆመ። “የአእምሮ ዘገምተኛ” የሚለው “የአእምሮ ዕድገት ውስንነት” በሚለው መተካቱ ከስድብ አድኖናል፤ ነገር ግን አሁንም “ዕድገት” በመካከሉ ተቀምጧል።

ሌላም ችግር አለ። ለሃጭ ሲበዛ “ጥርሱ ሊወጣ ነው” ይባላል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ያጽናናል እንጂ አይጎዳም። ሕፃኑ ሲያለቅስና ሲያተኩሰው ግን “ግግ ነው” ተብሎ ያልወጣው ጥርስ ከድዱ በስለት ይወጣል። ይህ ልማድ ደም ያፈስሳል፤ ቁስል ያመረቅዛል፤ በኋላ የሚመጣውን ቋሚ ጥርስ ያበላሻል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ልማዱን ከእንጥል መቁረጥ ጋር ከሚያስቀጡት ድርጊቶች መካከል አስገብቶታል። እናትን ከዚህ ለመመለስ የሚጻፍ ጽሑፍ “የወተት ጥርስ ማስወጣት” ብቻ ካለ፣ እናቲቱ በስድስትና በሰባት ዓመት የሚነቀለውን ጥርስ ታስባለች። “ግግ” መባል አለበት።

የእነዚህ ስሕተቶች ምንጭ አንድ ይመስለናል። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚሄድ ነው፤ ትልቅ ሥራ ነው፤ ተርጓሚዎችም ባለዕዳዎቹ ናቸው። በዚህ አቅጣጫ የሚሠራ ሰው ግን ለስም ስም ይፈልጋል። አማርኛ ነገሩን የያዘው በግስ ከሆነ ሳያየው ያልፋል። የሕፃን ችሎታ ደግሞ በአማርኛ ያለው በግስ ነው። አንገቱ ጠና፤ ወገቡ ጠና፤ ዳኸ፤ “ወፌ ቆመች” ተባለለት፤ አፉን ፈታ። እያንዳንዱ በዓይን የሚታይ፣ በወር የሚቆጠር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ጥናት ከእነዚህ ግሶች አጠገብ ሊቀመጥ የሚችል ቁጥር ሰጥቷል። ጤነኛ ሕፃናት ሳይደገፉ የሚቀመጡት ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ ብቻቸውን የሚራመዱት ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ነው። በእጅና በጉልበት ሳይድሁ በቀጥታ የተራመዱም 4.3 በመቶ ተገኝተዋል። ጥናቱ የተካሄደው በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ሲሆን ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። ቁጥሩ ለሁሉ አገር እንዲያገለግል የታሰበ ነው፤ ቃሉን ግን እያንዳንዱ አገር ከራሱ ማምጣት አለበት።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡብን እናውቃለን። አንደኛው “ጠና” አሻሚ ነው የሚል ነው፤ ሕመምም ይጠናልና። ይህ እውነት ነው፤ ስለሆነም ግሱ ብቻውን አይቁም፤ “አንገቱ”፣ “ወገቡ” ከሚሉት ጋር ይሁን። ሁለተኛው ኦቲዝምን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ካቋቋሙ ወዲህ እየታወቀ የመጣው ይህ ቃል ሁልጊዜ መዘግየትን አያሳይም። ልጁ በጊዜው ተራምዶ ስሙ ሲጠራ ዘወር ላይል ይችላል። “የዕድገት ልዩነት” የሚሉት ስለዚህ ነው፤ ግን “ልዩነት” በአማርኛ አለመስማማትም ነው። ስለዚህ የውጭው ቃል እንዳለ መወሰዱን አንነቅፍም፤ ከአጠገቡ በግስ የሚገለጽ ምልክት እንዲሰፍር ግን እንጠይቃለን።

በማጠቃለያው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። “ዕድገት” ለአካል መጠን ብቻ ይተው። ለሁለተኛው ነገር በባለሙያዎች ጽሑፍ መምህራን የሚያውቁት “ክሂል” ይግባና “የክሂል መዘግየት” ይባል። ለእናቶች በሚጻፈው ግን ሐረጉ ፈጽሞ አይግባ፤ ግሱና ወሩ ይጻፉ፦ “በዘጠኝ ወሩ ወገቡ ካልጠና”፣ “በዓመቱ ስሙን ሲጠሩት ዘወር ካላለ”።

ይህም ቢሆን ከመጽደቁ በፊት ከከተማ ውጭ ሊፈተን ይገባዋል። ሀብተ ማርያም ማርቆስ በ1965 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት የጎጃምን አማርኛ ከአዲስ አበባው ለይተው አሳይተዋል። “ዳዴ” ለአንዱ ተናጋሪ በእጅና በጉልበት መሄድ ነው፤ ለሌላው የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ በሁለቱ መካከል ወራት አሉ። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ የሚደርሰው መንገድ ለእንዲህ ያለ መጠይቅ የተመቸ ነው። በየጤና ጣቢያው በር ተራ የሚጠብቁት እናቶች ቃላቱን ይሰጡናል፤ እኛ የምንሰጣቸው ጽሑፍም እነዚያኑ ቃላት ይዞ መመለስ አለበት።