«መብራቱን ያጥፉ»፦ በቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥንቃቄ ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

የኤሌክትሪክ አደጋን ለመከላከል ተብለው ለቤት ባለቤቶች በአማርኛ የሚዘጋጁ የምክር ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ከእንግሊዝኛ የተመለሱ ናቸው። በሰዋስው ረገድ ነቀፌታ የማይገኝባቸው አሉ። የእኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ጽሑፉ የደረሰው ሰው፣ በተለይም ከብዙ ዓመታት በፊት በተሠራ የገጠር ጭቃ ቤት የሚኖር ሰው፣ ያነበበውን ቃል በቃሉ ሲፈጽም ከአደጋ ይድናል ወይስ ወደ አደጋ ይገባል? በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የተሳሳተ ስያሜ ተማሪውን ነጥብ ቢያሳጣው ነው፤ እዚህ ግን ዋጋው ከዚያ እጅግ የከበደ ነው።

በመጀመሪያ የምናነሣው «አምፖል ከመለወጥዎ በፊት መብራቱን ያጥፉ» የሚለውን ዓይነት ትእዛዝ ነው። በአማርኛ «መብራት» የሚያበራው ነገር ስም ብቻ አይደለም፤ የኃይሉም ስም ነው። «መብራት ገባልን»፣ «መብራት ሄደ»፣ «የመብራት ሒሳብ» እንላለን። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በስሙ ውስጥ ሁለቱን ለይቶ ነበር፤ ሕዝቡ ግን አጣምሮ «መብራት ኃይል» አለው፤ መሥሪያ ቤቱ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ከተከፈለም በኋላ ይኸው አጠራር አልጠፋም። ስለዚህ «መብራቱን ያጥፉ» የተባለ አንባቢ ሁለት ትርጉም ይቀርብለታል፤ እርሱም ቅርቡን ይመርጣል፤ ይኸውም ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያና ማጥፊያ መጫን ነው።

በደንብ በተዘረጋ መስመር ላይ ይህ ብዙ አይጎዳ ይሆናል። ልምድ በሌለው እጅ በተዘረጋ አሮጌ መስመር ላይ ግን ማጥፊያው ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ ትቶ መመለሻውን ሽቦ የሚቆርጥ ሆኖ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ያን ጊዜ አምፖሉ ይጠፋል፤ የአምፖሉ መያዣ ግን 220 ቮልቱን እንደ ያዘ ይቆያል። ከዚህም በላይ፣ የሚለወጠው አምፖል የተቃጠለ በመሆኑ መብራቱ አስቀድሞ ጠፍቷል! አንባቢው ትእዛዙ ሳይፈጽመው የተፈጸመ ሊመስለው ይችላል። ስለሆነም «ማጥፋት» ለአምፖልና ለእሳት ተትቶ፣ ለኃይሉ «ማቋረጥ» የሚለው ግሥ ብቻ እንዲሠራበት እናሳስባለን፤ «ኃይሉን ከዋናው ማቋረጫ ያቋርጡ» ቢባል ለሁለት ትርጉም በር አይከፍትም። እርግጥ «ዋናው ማቋረጫ» የሚለው ሐረግ እያንዳንዱ ቤት አንድ ያለው አስመስሎ ይናገራል። መስመሩን ከጎረቤት ቆጣሪ የቀጠለ ሰው ማቋረጫው ያለው በሰው ግቢ ነው። ተርጓሚው ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሮ ቢጽፍለት ከምንጩ ቢርቅም ከአንባቢው አይርቅም።

ሁለተኛው ቃል «ኮንታክት» ነው። በሕዝቡ አነጋገር የቤት ቃጠሎ ሁሉ ምክንያት «ኮንታክት» ነው። ተርጓሚዎች ይህን ባዕድ ቃል አባርረው «አጭር ዑደት» የሚለውን የቃል በቃል ትርጉም ተክተዋል። በፊዚክስ ትምህርት ውስጥ እንቀበለው ይሆናል፤ ለቤት ባለቤት ግን ምን ይነግረዋል? «አጭር» ሲባል የሽቦ ርዝመት ያስባል፤ «ዑደት» ሲባል ደግሞ የወራትን መፈራረቅ። የ«ኮንታክት» ችግር ባዕድነቱ ሳይሆን ስፋቱ ነው። የሁለት ሽቦዎችን መነካካት፣ የላላ መጋጠሚያን ግለት፣ የጭነትን መብዛት፣ ኮረንቲ ወደ ብረት ማምለጡን ሁሉ በአንድ ከረጢት ይከታል፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው።

የእንጀራ ምጣዱን እንውሰድ። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ቤቱ መጀመሪያ መስመር ሲዘረጋለት የታሰበው ለሁለት አምፖልና ምናልባት ለራዲዮ ነበር፤ ሽቦውም ለመብራት የሚበቃ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ምጣዱ በዚያው መስመር ላይ ሲሰካ፣ ምድጃም ሲጨመርበት፣ ጭቃው ውስጥ የተቀበረው ሽቦና መጋጠሚያው ይግላሉ። በዚህ ቤት ሽቦ ከሽቦ አልተነካካም፤ «አጭር ዑደት» የለም። ፊውዙ ሲቃጠል ወፍራም ሽቦ ያሰረበት ሰውም ያሰረው «ኮንታክት» ፈርቶ ሳይሆን ፊውዙ ያስቸገረው መስሎት ነው። ሊነገረው የሚገባው ጭነቱ መብዛቱና ምጣዱ ወፈር ያለ የራሱ መስመርና የራሱ ማቋረጫ እንደሚያስፈልገው ነው። እኛ ለዚህ በስም ፋንታ ግሥ እንመርጣለን፤ «ሽቦዎቹ ተነካክተው»፣ «መጋጠሚያው ላልቶ»፣ «ጭነቱ በዝቶ»፣ «ኮረንቲው አምልጦ» ይበቃል። ስያሜ አውጪዎች ለስም ያለን ፍቅር አንዳንድ ጊዜ ከልክ ያልፋል።

«አምልጦ» ያልነው አስበንበት ነው። «መፍሰስ» ቢባል «የኤሌክትሪክ ፍሳሽ» ወደሚል ሐረግ ያደርሳል፤ «ፍሳሽ» ለከተማ ሰው የሚያስታውሰው ምን እንደሆነ የታወቀ ነው። ጉዳዩ ግን ቀልድ አይደለም። የምጣዱ መጠምጠሚያ ከብረት አካሉ ጋር ሲነካካ፣ ወይም ሽቦ በቆርቆሮ ክዳን ጠርዝ ተልጦ ክዳኑን ሲነካ፣ ተራው ማቋረጫ ዝም ሊል ይችላል፤ እርሱ የተሠራው ሽቦን ከመቃጠል ለማዳን ነውና። ሰውን ለመግደል ከአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ ያነሰ ሊበቃ ይችላል። በ30 ሚሊአምፔር የሚያቋርጠው ሌላው መሣሪያ ግን ሰውን ለመጠበቅ የተሠራ ነው። በገበያ ሁለቱም «ብሬከር» ናቸው። «ሰው ጠባቂ» የሚል ስም ተመኝተን ነበር፤ ሁለቱን ሽቦዎች በአንድ ጊዜ የጨበጠን ሰው ስለማያድን ስሙ ከሥራው ይበልጥበታል። «ያመለጠ ኮረንቲ ማቋረጫ» ረዘም ቢልም አይዋሽም።

ሕዝቡ ከእኛ የተሻለበትም ቦታ አለ። የጽሑፎቹ «የኤሌክትሪክ ንዝረት» ቀለል ያለውንም ገዳዩንም አንድ ያደርጋል። ሕዝቡ ግን «ነዘረኝ» እና «ኮረንቲ ያዘው» ብሎ ይለያል። «ያዘው» ዘይቤ አይደለም፤ የእጅ ጡንቻ ተኮማትሮ ሽቦውን መልቀቅ ያቅተዋል። ግሡ ለረዳቱም ማስጠንቀቂያ ነው፤ የተያዘን ሰው የነካ ይያዛልና መጀመሪያ ኃይሉ ይቋረጥ።

«የምድር ሽቦ» ወይም «ወደ መሬት ማገናኘት» የተባለው ከሁሉ የደከመው ትርጉም ነው። የመጀመሪያው በመሬት ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ይመስላል፤ ሁለተኛው ሽቦውን ጫፉን አፈር ውስጥ መሸጎጥ። ወለሉ አፈር በሆነ ቤት፣ እጇ በሊጥ ረጥቦ ባዶ እግሯን ምጣድ ፊት የቆመች ሴት ራሷ «ወደ መሬት የተገናኘች» ናት! ትርጉሙ ሊያስረዳ የሚገባው ኮረንቲው በእርሷ ፋንታ የሚሄድበት ሌላ መንገድ እንዲኖር ነው። «መከታ ሽቦ» ብንለው፣ ከጎኑም አረንጓዴና ቢጫ ቀለሙን፣ ወደ ምድር የሚተከለውን ዘንግ ብንጽፍ ይሻላል። በአሮጌ ቤት ግን ቀለም ማስረጃ አይሆንም፤ ባለሙያ በመሣሪያ ሳይፈትሸው አይታመንም።

የሚቀረው «ሶኬት» ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ሶኬቱን ንቀል» ሲል ተሰኪውን ማለቱ ነው፤ «ሶኬቱ ግድግዳው ላይ ነው» ሲል ሌላውን። የተተካው «መሰኪያ» ይህን አላቃለለም፤ «መቁረጫ» መሣሪያ፣ «መቀመጫ» ቦታ እንደሆነ ሁሉ ይህ ቅርጽ ለሁለቱም ያገለግላልና። «ሶኬቱን አይንኩ» የተባለ ሰው የትኛውን ይተው? «ተሰኪ» ለሚገባው፣ «መሰኪያ» ለተቀባዩ ተለይተው ቢወሰኑ ሥርዓተ ቃሉ ይፈቅዳል፤ እስከዚያው ድረስ «ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት» እና «የገመዱ ሶኬት» ብሎ መጻፍ ለተርጓሚው አያሳፍርም።