በሁለት ደረጃዎች መካከል አንድ ክረምት

የሚና ጨዋታ የሚመራ ሰው ካርታውን ከመዘርጋቱ በፊት ሊቆርጠው የሚገባ ነገር አለ፤ የተጫዋቾቹ ገጸ ባሕርያት በምን ፍጥነት ይደጉ? ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በስንት ጨዋታ አንድ ደረጃ ይሰጥ በሚለው ላይ ያልቃል። እኔ ግን ችግሩ ሁለት ዓይነት ጊዜ መቀላቀሉ ይመስለኛል፤ አንዱ ጠረጴዛው ላይ የሚያልፈው፣ ሌላው ታሪኩ ውስጥ የሚያልፈው። ዕድገት ጠረጴዛው ላይ ሊፈጥን ይችላል፤ ታሪኩ ውስጥ ግን መዘግየት አለበት።

የታወቀውን የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ 5ኛ እትም እንይ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው መጽሐፍ 2ኛ ደረጃ ለመድረስ 300 የልምድ ነጥብ፣ 3ኛ ለመድረስ በድምሩ 900 ይበቃል፤ ጎብሊን የሚባለውን ትንሽ ጭራቅ መጣል ደግሞ 50 ነጥብ ያስገኛል። 6 ጎብሊን ብቻውን የጣለ ሰው አደገ ማለት ነው። ይህን ሕግ ሳንነካ አርሲ ውስጥ ወዳለችው ሳጉሬ እናምጣው። ዓርብ ጠዋት በአሰላና በበቆጂ መካከል ባለው መንገድ ዳር ገብስ ሲጠብቅ የነበረ እረኛ ወደ ጭላሎ ተራራ ይወጣል፤ እሑድ ማታ 3ኛ ደረጃ ደርሶ ይመለሳል። ገብሱ አንድ ጣት አላደገም፤ እሱ ግን ሌላ ሰው ሆኗል። የሰፈሩ ሰው ሊገረምበትም ሊቀናበትም ጊዜ አላገኘም። ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ተቀየረ እንጂ ታሪኩ አላወቀውም።

አርሲ ስለ ዕድገት የሚነግረን ሌላ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በመዘገበው የኦሮሞ ገዳ ሥርዓት ሥልጣን የሚተላለፈው በየ8 ዓመቱ ነው። ተረካቢው ተራው እስኪደርስ እየተማረ ይቆያል፤ ሲረከብም አገሩ ሁሉ ያውቃል። ከአሰላ አካባቢ የተነሳው ኃይሌ ገብረሥላሴም እ.ኤ.አ. በ1992 ሴኡል ላይ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆኖ፣ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 የሮጠው በ2008 ነው። መካከሉ 16 ዓመት ነው። ለዕድገት ክብደት የሚሰጠው ይህ መካከሉ ነው።

«ሰው የሚጫወተው በወር ሁለቴ ነው፤ 8 ዓመት ጠብቅ ብትለው ነገ አይመጣም» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ሽልማት የራቀበት ተጫዋች ይሰለቻል። ነገር ግን ታሪኩ ውስጥ ዓመት ለማሳለፍ ጠረጴዛው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ክረምቱ አለፈ፤ ገብሱ ታጨደ።» በየሦስት ጨዋታው ደረጃ መስጠት ይቻላል፤ በደረጃዎቹ መካከል ግን ክረምት ይግባ። «ጀግናው በጦርነት መካከል ከሆነስ? ጠላት ክረምቱ እስኪያልፍ ይጠብቃል ወይ?» የሚለው ይበልጥ ይከብዳል። እዚያ ላይ ደረጃውን አቆይቼ ሌላ ነገር እሰጣለሁ፤ ፈረስ፣ ባለውለታ፣ በገበያ የሚጠራ ስም። እነዚህ ከታሪኩ ውስጥ ስለሚመጡ በአንድ ቀን ቢገኙም አይጎረብጡም።

ስለዚህ ተጫዋቹ አዲሱን ችሎታ ወረቀቱ ላይ ከመጻፉ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ ክረምቱን ማን ቤት ከረምክ? ያስጠለለው ሰው ያስተማረውም ያበደረውም ሊሆን ይችላል። ተጫዋቹ መልሱን ሲናገር የሚቀጥለው ጨዋታ ግማሹ ተዘጋጀ ማለት ነው፤ ደረጃውም ያን ጊዜ ይገባዋል።