ዜማው የሁሉም፣ ግጥሙ የማን?

አንዳንድ ዘፈን አለ፤ ሳይጋብዙት ቤት የሚገባ። ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ በግማሽ ጆሮ ትሰሙታላችሁ፤ ማታ ጫማችሁን ስትፈቱ ታንጎራጉሩታላችሁ። ወደዳችሁት ወይስ ጠላችሁት ብሎ የጠየቃችሁ የለም። ዓይን ሲፈልግ ይጨፈናል፤ ጆሮን ማን ይጨፍነዋል?

የቴዎድሮስ ካሣሁን፣ የቴዲ አፍሮ፣ ዘፈኖች አብዛኞቹ የዚህ ወገን ናቸው። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ዘፋኙን አይደለም፤ ስለ እሱ ተጽፎ ተጽፎ አልቋል። ላነሣ የፈለግሁት አድማጮቹን ነው። ከአድማጮቹም የኢሉባቦሮቹን፤ የመቱውን፣ የጎሬውን፣ የበደሌውን። «ከአገሩ ሁሉ ለምን ኢሉባቦር?» ትሉኝ ይሆናል። «ጥቁር ሰው» የተባለው አልበም ያስነሣው ክርክር ዞሮ ዞሮ ማረፊያ ያደረገው የዚያን አገር ከተማ ስም ስለሆነ ነው።

ነገሩን ለረሳ ላስታውስ። አልበሙ የወጣው በ2004 ዓ.ም. በፋሲካ ዋዜማ ነው። መጠሪያው የሆነው ዘፈን ዓፄ ምኒልክንና የዐድዋን ድል ያወድሳል። ከቀሩት መካከል «ፊዮሪና»፣ «ስለ ፍቅር»፣ «ደስ የሚል ስቃይ» ይገኛሉ፤ የፍቅር ዘፈኖች ናቸው። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ሁሉም በየፊናው ሲያንጎራጉር ከረመ። ከዚያ ታኅሣሥ 2006 መጣ፤ ምኒልክ ያረፉበት 100ኛ ዓመት። የበደሌ ቢራ ፋብሪካን በ2003 ዓ.ም. የሆላንዱ ሃይነከን ከመንግሥት ገዝቶት ነበር። ይኸው በደሌ ቢራ «ወደ ፍቅር ጉዞ» ለተባለው፣ ከከተማ ከተማ ለሚዞረው የቴዲ የሙዚቃ ዝግጅት ስፖንሰር ሆነ። በዚያው ሰሞን ዘፋኙ ስለ ምኒልክ ዘመቻዎች ተናገረው የተባለ፣ እሱ ግን አላልሁም ብሎ ያስተባበለው አባባል በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጨ። ብዙ የኦሮሞ ወጣቶች «በደሌን አንጠጣም» ብለው ዘመቻ ከፈቱ። ጥር ሳይገባ ኩባንያው እጁን ሰበሰበ። ወደ ፍቅር የሚሄደው አውቶቡስ ከመናኸሪያ ሳይወጣ ተሳፋሪው ተደባደበ ማለት ነው።

ያን ጊዜ የተባለውን ሁሉ ብናጣራው አድማጩ አራት ቦታ ይከፈላል።

የመጀመሪያው ዘፈኑን ቆሞ የሰማው ነው። ለእሱ ዐድዋ ዘፈን ውስጥ ሲገባ አባቱ ቤት የገባ ያህል ነው። ጥቁር ሕዝብ በነጭ ጦር ላይ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ያገኘውን ድል፣ የትምህርት ቤት መጽሐፍ በደረቁ የነገረውን፣ ዜማ ሰጥቶ በወጣት አፍ ላይ ያስቀመጠለትን ሰው ያመሰግናል። ምስጋናው ሐሰት የለበትም።

ሁለተኛው፣ ግጥሙን ሲሰማ ከዐድዋ በፊትና ከዐድዋ በኋላ የሆነውን የሚያስብ ነው። «የምኒልክ ጦር ወደ ሰሜን ብቻ ነው እንዴ የዘመተው? ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲዘምት ማንን ነበር የወጋው?» ይላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይህም ሐሰት የለበትም።

ሦስተኛው «ኧረ ተዉን! ዘፈን ነው እንጂ ሕገ መንግሥት አይደል፤ እንጨፍርበት» ባዩ ነው። ቁጥሩ ከሁሉም ሳይበልጥ አይቀርም፤ በጋዜጣ ስለማይጽፍ ግን አይቆጠርም።

አራተኛው እንደ እኔ ያለው ዕድሜ የተጫነው ነው። ትራምፔትና ሳክስፎን ከሰው ጋር ተሰልፎ ሲነፋ በሰማበት ጆሮው የኪቦርድ ድምፅ አይጥመውም። «አዝማቹ በዛ፣ ድግግሞሹ በዛ፣ በሬጌ ምት ተደገፈ» እያለ ያጉረመርማል። ሲያጉረመርም ግን እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ይመታል። ይህንን ወገን ብዙ አትመኑት።

አሁን እነዚህን አራት ጆሮዎች ይዘን ወደ ኢሉባቦር እንሂድ። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ጎሬ አለች፤ መቱ ሳትተካት በፊት የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ የነበረችው። ጎሬ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ ነበረች። ራስ ተሰማ በምኒልክ ስም አገሩን ያስገበሩ፣ ኋላም የልጅ ኢያሱ ሞግዚት የሆኑ መስፍን ናቸው። ተከትሏቸው የመጣው ወታደር ደመወዙ በብር አልነበረም፤ በገባር ነበር፤ በሰው። ገበሬው ለተመደበበት ሰው እህል ይሰፍራል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ አጥር ያጥራል፤ ሚስቱም ትፈጫለች። መልኩን እየለዋወጠ የቆየው የመሬትና የጭሰኛ ነገር በሕግ የተዘጋው በየካቲት 1967ቱ አዋጅ ነው። እንግዲህ ዛሬ ጎሬ ውስጥ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው ይህን ከመጽሐፍ አላነበበውም፤ ከእናቱና ከአባቱ ሰምቶታል፤ ጫፉንም በዓይኑ አይቶታል። ለእሱ ምኒልክ የሚለው ስም ሐውልት አይደለም፤ የወፍጮ ድንጋይ ነው።

ይህንን ይዛችሁ ፍርድ ልትሰጡ ስትሉ ግን ያቺው ጎሬ ትቆምባችኋለች። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ተሰድደው፣ አዲስ አበባም በጣሊያን እጅ ወድቃ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ስም ተሸሽጎ የቀረው የት ነበር? ጎሬ። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴና ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የመንግሥቱን ሥራ የያዙት በእሷ ነው። የጥቁር አንበሳ ወጣት መኮንኖች ከራስ እምሩ ጋር የተሰለፉት በዚያው በምዕራብ ነው። ጣሊያን ጎሬን የያዘው በ1929 ዓ.ም. በኅዳር ነው፤ አዲስ አበባን ከያዘ ስድስት ወር አልፎት። «ለባዕድ አንገዛም» የሚለው ድምፅ ከተማ ሁሉ ሲዘጋበት ጎሬ በሯን ከፍታለታለች።

አንዲት ከተማ ናት። አንደኛው ትዝታዋ ከገባሩ ጓሮ ይነሣል፤ ሁለተኛው ከአርበኛው ሠፈር። «ጥቁር ሰው» ጎሬ ውስጥ ሲከፈት ሁለቱም ትዝታዎች እኩል ብድግ ይላሉ። ታዲያ የትኛው አድማጭ ተሳሳተ?

ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። ዘፈኑ በስም ከሚጠራቸው ጀግኖች አንዱ ባልቻ አባ ነፍሶ ነው፤ ኦሮምኛም ይሰማበታል። ባልቻ በልጅነቱ በምኒልክ ዘመቻ ተማርኮ ቤተ መንግሥት ያደገ፣ ዐድዋ ላይ በመድፈኛነት ስሙ የገነነ፣ አርጅቶም ከጣሊያን ጋር ሲዋጋ በ1929 ዓ.ም. የሞተ ሰው ነው። ይህ ሰው ከየትኛው ወገን ይቆጠር? ከተወጋው ወይስ ከድል አድራጊው? ‹አባ ነፍሶ› የፈረስ ስም ነው፤ ምኒልክም በፈረስ ስማቸው ‹አባ ዳኘው› ይባሉ ነበር። በፈረስ መጠራት ደግሞ ከኦሮሞ ባህል የመጣ ልማድ ነው። እንዲያውም የኢሉባቦር ስም፣ የአገሬው ሰው በቋንቋው ‹ኢሉ አባ ቦራ› የሚለው፣ የፈረስ ስም ያለበት ነው። እዚህ አገር ታሪክ ጎራ ለይቶ የሚሰለፈው በእኛ ክርክር ውስጥ ብቻ ነው፤ ሰዎቹ ራሳቸው ሲኖሩት ተደበላልቆባቸዋል።

ወደ ሙያዬ ልመለስ። ሥነ ግጥም ሳስተምር ተማሪዎቼን የማስለምዳቸው ሦስት ጥያቄዎች ነበሩኝ። የሚናገረው ማነው? ስለ ማን ይናገራል? ለማን ይናገራል? «ጥቁር ሰው» በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ፈተናውን ያልፋል። የሚናገረው ማንነቱን ከዐድዋ ድል የሚቆጥር ሰው ነው፤ የሚናገረውም ስለዚያ ድል መሪ ነው። ዜማው ከፉከራና ከሽለላ ወኔ ተበድሯል፤ አዝማቹን ሕፃንም ሽማግሌም ሊይዘው ይችላል። በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው የሚደናቀፈው። «ለማን?» ሲባል «ለሁላችንም» ይላል፤ ግን ሁላችንንም አልቆጠረም።

ምክንያቱ የዘፋኙ ክፋት አይመስለኝም፤ የመረጠው የግጥም ዓይነት ነው። ዘፈኑ ውዳሴ ነው። አዝማሪ በጌታው ደጅ፣ አቅራሪ በጦር ሜዳ ሲያደርገው የኖረው ነው። ውዳሴ ‹ግን› የሚለውን ቃል አያውቅም። ‹ጀግና ነው› ይላል እንጂ ‹ጀግና ነው፤ ግን እገሌን በድሏል› ካለ ውዳሴነቱ ቀረ። ችግሩ የዱሮው አዝማሪ የሚዘፍነው ለአንድ አዳራሽ ሰው ነበር፤ የሚሰማውም የሚስማማው ብቻ። አልበም ግን አዳራሽ የለውም። አይሱዙ ላይ ተጭኖ በደሌን አልፎ፣ ያዩንና ሁሩሙን አቋርጦ መቱ ይገባል። የአዳራሽ ግጥም አደባባይ ሲወጣ ‹ግን› የሚለውን ቃል አድማጩ ራሱ ይጨምርበታል። በታኅሣሥ 2006 የሆነው ይኸው ነው።

ደራሲው ሌላ መንገድ አያውቅም እንዳልል ያው አልበም ይከለክለኛል። «ፊዮሪና»ን ስሙት። በጦርነትና በድንበር ከተለየን ጎረቤት ጋር ያለን ናፍቆት በአንዲት ሴት ስም ይዘረጋዋል። ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ አይልም፤ ለወዲያኛው ማዶ ሰው መቀመጫ ይተዋል። ለአሥመራዋ ልጅ መቀመጫ የተወ ብዕር ለጎሬው ገባር አንዲት ስንኝ ቢተው ኖሮ «ጥቁር ሰው» ይበልጥ ትልቅ ዘፈን ይሆን ነበር ባይ ነኝ። «ዘፋኝ ይህን የማድረግ ግዴታ አለበት ወይ?» ብትሉኝ፣ የለበትም። አድማጭም አብሮ የመዝፈን ግዴታ የለበትም። «አልጠጣም» ማለት ምንም ቢጎመዝዝ ሰላማዊ አስተያየት ነው። ከሁሉ ያስገረመኝ ኩባንያው ነው። የጠርሙሱ ስም የአንድ ከተማ ሰው አድራሻ መሆኑን ሳያስብ ማስታወቂያ ለጠፈበት፤ ጩኸት ሲሰማ ደግሞ ቀደደው። ሲለጥፍም ሲቀድም የበደሌን ሰው ‹አንተስ ምን ትላለህ?› ብሎ ሲጠይቅ አልሰማንም።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ የአልበሙ ነገር አይደለም። የሚያሳስበኝ፣ ሐሳብን በሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር የተከለከለው አድማጭ ነው። አንዲት የመቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አያቷ ገባር የነበሩ፣ «ዜማው ደስ ይለኛል፤ ግጥሙ ግን አያቴን ረስቷል» ብትል የት ትቁም? ለአንዱ ወገን የመጀመሪያው ሐረግ ክህደት ነው፤ ለሌላው ወገን ሁለተኛው። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ መናገር የሒስ ሀሁ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ሁለት ቢላ የሚበላ ሰው ያስመስላል። ስለዚህ ልጅቱ አንዱን ትውጣለች። ወይ በአደባባይ እየጨፈረች በልቧ ትቆስላለች፣ ወይ በአደባባይ እየተቃወመች መኝታ ቤቷ በጆሮ ማዳመጫ ትሰማዋለች።

ነገሩ በአንድ ወገን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሃጫሉ ሁንዴሳ «ማላን ጅራ» ወጣ። ኦሮምኛ የማያውቀው ሰው ሳይቀር ዜማውን ያዘው። ላዩን ሲሰሙት የፍቅር እንጉርጉሮ ነው፤ ከሥሩ የመፈናቀል ቁጭት አለበት። በእኛ በሥነ ጽሑፍ መምህራን ቋንቋ ሰምና ወርቅ ማለት ነው። ስንቱ አማርኛ ተናጋሪ ሰሙን እያንጎራጎረ ወርቁን ሳይጠይቅ አለፈ! አንዱ ወገን ቃሉን ገባውና ዜማውን ለመዝፈን ተቸገረ፤ ሌላው ዜማውን ዘፈነና ቃሉን ለመጠየቅ ሰነፈ። የትኛው ይሻላል? እኔ ቢቸግረው ቢቸግረው የተናደደውን አድማጭ እመርጣለሁ። እሱ ቢያንስ ሰምቷል።

ይህ የቅንጦት ክርክር አይደለም። ኢሉባቦር ውስጥ አገሬው ኦሮሞ አለ፤ ከጥንት የመጣ የወታደር ዘር አለ፤ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ አምጥተው ያሰፈሩት ገበሬና ልጆቹ አሉ። አንድ ገበያ ይውላሉ፣ አንድ ቡና ያጣጣሉ። በጥቅምት 2010 ዛሬ ቡኖ በደሌ በሚባለው ዞን፣ ጮራና ደጋ ወረዳዎች ውስጥ ከኦሮሞውም ከአማራውም ሰው ሞተ፤ ብዙ ሰው ከቤቱ ወጣ። ያንን ዘፈን አመጣው ብል እዋሻለሁ፤ ዘፈን ቤት አያቃጥልም። ነገር ግን ሰውን በሚያዳምጠው ዘፈን መመደብ የለመደ አገር፣ በሚናገረው ቋንቋና በመጣበት ሠፈር ለመመደብ ብዙ አይርቀውም። ‹ምን ትሰማለህ?› የሚለው ጥያቄ ‹ማን ነህ?› ወደሚለው ሲለወጥ ማንም ደወል አይደውልም።

እንግዲህ ምን ይሻላል? ከሐያሲ ብዙ አትጠብቁ፤ የእኛ ሥራ መካከለኛ ነው። ብትሰሙኝ ግን አንድ ትንሽ ልማድ እንጀምር። ሰው ስለ አንድ አልበም ሲቆጣ ወይም ሲያለቅስ ስታዩ፣ ‹ይህ ከየትኛው ወገን ነው?› ከማለት በፊት ‹የትኛውን ዘፈን ነው? የትኛውን ስንኝ?› ብላችሁ ጠይቁት። ስንኝ ቆጥሮ የሚጣላ ሰው ስንኝ ቆጥሮ ሊታረቅ ይችላል። በስም ብቻ የተጣላው ግን የሚታረቅበት ቦታ የለውም።

በደሌ ቢራ ያ ሁሉ ዘመቻ አልፎ ዛሬም ይጠጣል። «ጥቁር ሰው»ም ዛሬም ይዘፈናል። ያቺ ተማሪ ግን ሁለቱን ሐረግ በአንድ ትንፋሽ የምትናገርበት ወንበር እስካሁን አልተሰጣትም።