ከገበሩ በኩል

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሰፋ የእንግሊዝ ሴት የቀን ልብስ እጃችሁ ቢገባ መጀመሪያ ገልብጡት። ውጪው ብዙ አያወራም። ጥቁር ወይም ሐምራዊ ሐር፣ እስከ አገጭ ሥር የተዘጋ አንገት፣ እስከ እጅ አንጓ የወረደ እጅጌ፣ መሬት የሚነካ ጉርድ። ሥራው ያለው ከገበሩ በኩል ነው።

ንግሥቲቱ ከ1837 እስከ 1901 ነገሡ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ሁሉ ጊዜ ልብሱ ደጋግሞ መልኩን ቀይሯል፤ እዚህ የምናገላብጠው የ1870ዎቹን ነው። ከሩቅ አንድ ቀሚስ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው፤ ጉርዱ አንድ፣ ከወገብ በላይ ሰውነት ላይ ልክክ የሚለው ደግሞ ሌላ። ይህን ሁለተኛውን “የላዩ” እያልን እንሂድ።

የላዩ ገበር ጠንካራ ጥጥ ነው። ሰፊዋ ሐሩን ለብቻ፣ ገበሩን ለብቻ ሰፍታ መጨረሻ ላይ አታገናኝም። እያንዳንዱን የሐር ቁራጭ በልኩ በተቆረጠ ጥጥ ላይ ታነጥፋለች። ዙሪያውን በሰፋፊ ስፌት ታያይዛለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱን እንደ አንድ ጨርቅ ትሰፋለች። ጉተታውን ጥጡ ይሸከማል፤ ሐሩ በላዩ ተንተርሶ ይኖራል። እንዲህ ስለተሰፋ ስፌቱ ሁሉ ከውስጥ ገሃድ ነው። የእያንዳንዱ ስፌት ጠርዝ እንዳይተረተር በእጅ ተቀምቅሟል። ከስፌቱ ውጪ የቀረው ትርፍ ጨርቅም ሰፋ ይላል፤ ባለቤቷ ብትወፍር ይለቀቅላታል።

ጀርባውን እዩት። መሃል ለመሃል አንድ ስፌት ይወርዳል። በግራና በቀኝ ከብብት ዙሪያ የሚነሡ ስፌቶች ቅስት ሠርተው ወደ ወገብ ይሰበሰባሉ። ወገብ ላይ ሲደርሱ በመካከላቸው የሚቀረው ጥቂት ጣት ብቻ ነው። ያ ዘመን የታወቀበት ቀጭን ወገብ ከሥር ወገብን አጥብቆ የሚይዘው የኮርሴት ውጤት ብቻ አይደለም፤ ግማሹን የሚሠራው የእነዚህ መስመሮች አቅጣጫ ነው። የትከሻው ስፌት ከአናቱ ሸሽቶ ወደ ኋላ ስለተቀመጠ ከፊት ለሚያይ ሰው ጭራሽ አይታይም።

በስፌቶቹ ላይ ጠባብ የጨርቅ ቱቦዎች ተሰፍተዋል። በውስጣቸው የዓሣ ነባሪ “አጥንት” አለ። አጥንት ይባል እንጂ ከአንዳንድ ዓሣ ነባሪዎች የላይ መንጋጋ ተንጠልጥሎ ምግባቸውን ከባሕር ውኃ የሚያጣራላቸው ጠፍር ነው፤ የተሠራውም የእኛ ጥፍር ከተሠራበት ነገር ነው። ቀጭን ሆኖ ይሰነጠቃል፣ ይታጠፋል፣ በቀላሉ አይሰበርም። ሙቀት ያለሰልሰዋል፤ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ተደጋግሞ የተለበሰ የላዩ የባለቤቷን ጎን ቅርጽ ይይዛል።

አሁን ወገቡ ጋ ቁሙ። ከውስጥ፣ ወገቡን ዞሮ የሚሄድ ጠንካራ ጥብጣብ አለ። የተሰፋው ጀርባና ጎን ላይ ባሉት ስፌቶች ብቻ ነው፤ ከፊት ሁለቱ ጫፎቹ ልቅ ናቸው፣ በመንጠቆ ይያያዛሉ። ለባሿ ቁልፎቹን ከመንካቷ በፊት ይህን ታያይዛለች። ያን ጊዜ የልብሱ ክብደትና ጉተታ ሁሉ ወገብ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ከአንገት እስከ ወገብ የተደረደሩት ቁልፎች የሚቀራቸው መዝጋት ብቻ ነው፤ አይጎትቱም፣ በመካከላቸውም ጨርቁ አይከፈትም። ምናልባት ቢከፈት ተብሎ ደግሞ ከቁልፎቹ ሥር ሌላ ቁራጭ ጨርቅ ተደርቧል። የዚህ ልብስ ጨዋነት የሚባለው ነገር ለእኔ እዚህ ጥብጣብ ላይ ነው ያለው። አንገት ድረስ መሸፈንማ ማንም ይሸፍናል። ለባሿ ስትቀመጥ፣ ስትነሣ፣ ደረጃ ስትወጣ ምንም ሳይንሸራተት፣ እሷም እጇን ሰድዳ ሳታስተካክል መዋሏ ነው ልዩ የሚያደርገው።

የቁልፎቹን ቀዳዳዎች በአጉሊ መነጽር ማየት ይገባል። በ1870ዎቹ የልብስ ስፌት መኪና በየቦታው ገብቶ ነበር፤ መኪና ሠሪው ሲንገር የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት (ፓተንት) ያስመዘገበው በ1851 ነው። ረጃጅሞቹ ስፌቶች በመኪና ሄደዋል። ቀዳዳዎቹ ግን በእጅ ናቸው፤ ክሩ እየተቋጠረ፣ አንዱ ቋጠሮ ከሌላው ሳይደረብ፣ ጫፉ ላይ በርከት ብሎ። ይህን የሠሩ እጆች ስም አልቀረም ማለት ይቻላል። ከቀሩት ጥቂቶች አንዷ ሜሪ አን ዎክሊ ናት፤ የቀረችውም በመሞቷ ነው። በ1863 ለንደን ውስጥ ለቤተ መንግሥት ዳንስ ቀሚስ ለማድረስ ከሌሎች ልጃገረዶች ጋር ያለ ዕረፍት 26 ሰዓት ተኩል ስትሰፋ ቆይታ በ20 ዓመቷ ሞተች። የዘመኑ ጋዜጦች ጮኹበት፤ ካርል ማርክስም “ካፒታል” ውስጥ አስፍሮታል። የእጅ ሥራን የሚያደንቅ ሰው ሰዓቱንም አብሮ መቁጠር አለበት።

እጅጌው ከሁለት ቁራጭ ነው፤ የውጪው ሰፊ፣ የውስጡ ጠባብ። እጅ ዘና ብሎ ሲንጠለጠል ከክርኑ ጥቂት ወደ ፊት ይታጠፋል፤ እጅጌው ያንን መታጠፍ ይዞ ተቆርጧል። የብብቱ ዙሪያ ጠባብና ከፍ ያለ ነው። ይህ እጅን የሚያስር ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ዙሪያው ሰፍቶ ዝቅ ቢል እጅ በተነሣ ቁጥር ልብሱ በሙሉ አብሮ ይነሣ ነበር። ወደ ብብት ተጠግቶ ሲቆረጥ የሚንቀሳቀሰው እጅጌው ብቻ ይሆናል።

የዚህ ልብስ ሐር በውኃ አይታጠብም። ላብና እድፍ የሚነካው ሌላ ጨርቅ ነው፤ ከሥር የሚለበሰው የጥጥ ወይም የተልባ እግር ሸሚዝ፣ ከላይ ደግሞ አንገትና አንጓ ላይ በቀላል ስፌት የሚያዘው ነጭ ኮሌታና የእጅጌ ጫፍ። እነዚህ ተፈትተው ይታጠባሉ፣ ይተኮሳሉ፣ ይመለሳሉ። የጉርዱም ጫፍ እንዲሁ ነው። መሬት የሚጠርገው ሐሩ ሳይሆን ከሥሩ ለአንድ ፀጉር ያህል ወጣ ብሎ የተሰፋ የሱፍ ጥብጣብ ነው። ሲያልቅ ይቀየራል።

ሐምራዊው ቀለም የራሱ ታሪክ አለው። በ1856 የ18 ዓመቱ ዊሊያም ፐርኪን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የወባ መድኃኒቱን ኪኒን ለመሥራት ሲሞክር ያገኘው ሐምራዊ ቀለም ነው። በፋብሪካ የተሠሩ ደማቅ ቀለሞች ከዚያ በኋላ ተከታተሉ። ጥቁሩ የሐዘንም ቀለም ነበር፤ ንግሥቲቱ ባላቸው አልበርት በ1861 ከሞቱ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ጥቁር ለብሰዋል።

ስለ ጨዋነቱ ሲወራ አንድ ነገር አይዘንጋ። ብዙ ጊዜ ለአንድ ጉርድ ሁለት የላዩ ይሰፋ ነበር፤ አንዱ የቀን፣ አንዱ የማታ። የቀኑ እስከ አገጭ ይዘጋል፤ የማታው ትከሻና የደረትን አናት ያሳያል። ሴትዮዋ ያቺው ናት፣ ሐሩም ያው ነው፣ የተለወጠው ሰዓቱ ነው።

ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከእንግሊዞቹ ልብሶች ጋር የኛም አለ፤ በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ። ጥጥ ነው፣ በሐር ክር ተጠልፏል። የዚያው ዘመን ልብስ ነው፣ እሱም ሰውነትን ይሸፍናል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። የኛው ሰፍቶ ይሸፍናል፣ ጌጡን ደግሞ ፊት ለፊት ያወጣዋል። የእንግሊዙ ልክክ ብሎ ይሸፍናል፣ ድካሙን ግን ገበሩ ውስጥ ይደብቃል።

ሙዚየም ውስጥ እነዚህ ልብሶች አሻንጉሊት ላይ ተዘግተው ይቆማሉ፤ ውስጣቸው አይታይም። ውስጡን ማየት የሚፈልግ የጃኔት አርኖልድን መጽሐፍ ይፈልግ። ከ1860 እስከ 1940 ያሉትን ልብሶች አንድ በአንድ ለክታ፣ ቁራጮቹን በካሬ ወረቀት ላይ ነድፋ አስቀምጣለች። መስፋት የሚችል ሰው ከዚያ ተነሥቶ አንዱን ሊሠራው ይችላል። ሐሩን ግን አትቸኩሉበት፤ መጀመሪያ በአቡጀዲ ቆርጣችሁ ሞክሩት።